ሀስና ያለ እኔ

ጥር 12 ቀን 2017፣ ሰኞ

ይህን ደብተር የገዛሁት የወልድያው አሰልጣኝ ጋሽ ካሳዬ «አሰልጣኝ መሆን የሚያምርህ ከሆነ የእህትህን ልምምድ በየቀኑ ጻፍ» ስላሉኝ ነው። እሺ። ጠዋት፣ ወልድያ፣ የሲሚንቶው ሜዳ። ሀስና ሰርቭ ላይ ጥሩ ነበረች። ባክሃንዷ፣ በእጇ ጀርባ በኩል የምትመታው፣ እኔ እንዳስተማርኳት ነው፤ በሁለት እጅ፣ ክርን ወደ ጎን ተጠግቶ። ከእኔ ጋር ተጫውታ ስድስት ለአራት አሸነፈችኝ። ቁርጭምጭሚቴን ትንሽ ስላመመኝ ብዙ አልሮጥኩም።

ዛሬ እንግዳ ነበረን። አበባው ይሉታል፤ አዲስ አበባ ያለ የአንድ ቴኒስ ክለብ አሰልጣኝ ነው። ባለፈው ኅዳር ሀስና በአገር አቀፉ ውድድር ሁለተኛ ስትወጣ አይቷት ኖሮ፣ አሁን እሷን ብሎ እዚህ ድረስ መጣ። ልምምዱን በሙሉ እጁን አጣምሮ ቆሞ አየ። አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ዝም የሚል ሰው አልወድም፤ ምን እንደሚያስብ አይታወቅም።

ስንጨርስ እሱና ጋሽ ካሳዬ የግንቡ ጥላ ሥር ቆመው ሲነጋገሩ ውሃ ይዤላቸው ሄድኩ። አበባው «ችግሩ ልጁ ነው» ሲል ጆሮዬ ገባ። ሲያዩኝ ሁለቱም ዝም። ጋሽ ካሳዬ «ውሃ አመጣህልን ሙስዐብ? ተባረክ» አሉኝ፤ ድምፃቸው ከወትሮው ለስለስ ብሎ።

ልጁ ማን ነው? ጋሽ ካሳዬ ሐራ የሚሠራ ወንድ ልጅ አላቸው፤ እሱ ግን ራኬት ጨብጦ አያውቅም። ሌላ ልጅ ደግሞ እዚያ አልነበረም።

ጥር 13

ወደ መርሳ፣ ወደ ቤታችን ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ ሀስናን ጠየቅኳት። «አበባው ምን አለሽ?»

«ምንም።»

«ምንም ለማለት ነው ከአዲስ አበባ የመጣው?»

ማዳመጫዋን ጆሮዋ ላይ ሰካች። ሲሪንቃ እስክንደርስ በመስኮት ነበር የምታየው።

ጥር 17፣ ቅዳሜ

ዛሬ ቤተልሔም «ሀስናን ያስጀመሯት ጋሽ ካሳዬ ናቸው አይደል?» አለችኝ። ቤተልሔም ወልድያ የምትማር፣ ከሀስና ጋር የምትጫወት ልጅ ናት። ፈገግ ብላ ነው የጠየቀችኝ። ማን ነው እንዲህ ብሎ የነገራት? ሰው ከራሱ አውጥቶ እንዲህ አይልም። አንድ ቦታ ተወርቷል ማለት ነው።

ስለዚህ ልጻፈው፣ ቢያንስ እዚህ ተጽፎ ይቀመጥ። የባቡር ሐዲዱ ሲሠራ ሐራ ካምፕ ውስጥ ለውጭ አገር መሐንዲሶቹ የቴኒስ ሜዳ ነበራቸው። እኔ ያኔ ትምህርቴን አቋርጬ እዚያ ኳስ አቀብል ነበር። እነሱ ሲደክማቸው ራኬቱን ይሰጡኛል። ከመሐንዲሶቹ አንዱ፣ ጢማም ሰውዬ፣ «አንተ እጅ አለህ» ይለኝ ነበር በአስተርጓሚ። ሀስናን ትምህርት ቤት ሲዘጋ ይዣት የሄድኩት እኔ ነኝ። ራኬቱ ከክንዷ ይረዝም ነበር። ጦርነቱ መጥቶ ካምፑ ሲበተን፣ መርሳ ከፍራፍሬ መጋዘናችን ጀርባ ያለውን መሬት ደልድዬ፣ የዓሣ መረብ ከሐይቅ አስመጥቼ፣ መስመሩን በኖራ ያሰመርኩት እኔ ነኝ። ጋሽ ካሳዬ የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። የወልድያውን ሜዳ አስፈቀዱልን፤ ለዚያ አመሰግናቸዋለሁ። ግን አስጀማሪ አይደሉም።

ጥር 23፣ ዓርብ

አበባው ለአባቴ ደወለ። ለእኔ ሳይሆን ለአባቴ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ክለቡ ሀስናን ይፈልጋታል። አዲስ አበባ ሄዳ እዚያው እየኖረች ትለማመዳለች፤ ከዒድ በኋላ ናይሮቢ ላይ የፕሮፌሽናል ውድድር አለ፣ ስሟን ያስገቡላታል። ዝቅተኛው ደረጃ ነው፣ ቢሆንም የዓለም ነጥብ የሚገኝበት ነው። ከእኛ አካባቢ እዚያ የደረሰ የለም።

አባቴ ስለ ቴኒስ ብዙ አያውቁም። ኅዳር ላይ «ግማሽ ፍጻሜውን ሁለት ሴት ለባዶ አሸነፈች» ብዬ ስነግራቸው «ሁለት ሴት አንድ ላይ ገጠሟት?» ብለው ደንግጠው ነበር፤ የጨዋታውን ዙር ‹ሴት› እንደምንለው አያውቁም። ዛሬ ግን ጥያቄያቸው ሌላ ነበር። «ማን ዘንድ ነው የምታድረው? ሶላቷስ? ጾሟስ?» ቀጥለው «ወንድሟ አብሯት ካለ ትሂድ። ብቻዋን ከሆነ ግን አይሆንም» አሉት።

ስልኩ ሲዘጋ «እሱ ምን አለ ስለ እኔ?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«እናስብበታለን አለ።»

ሀስና ሰሐን ታጥባለች። ዞር ብላ አላየችም። እኔ እሷን ብሆን ዘልዬ አቅፈዋለሁ፣ ወንድሜን። እናስብበታለን! ማን ነው እንዳይወስዱኝ የሚፈልገው? ስሜን ያጠፉት ጋሽ ካሳዬ ይሆናሉ። ውጤቱን ለራሳቸው ሊያደርጉት።

የካቲት 2፣ እሑድ

መንገድ ዝግ ነው። ሀስና ትናንት ልምምድ ብላ ብቻዋን ሄዳ ወልድያ ቀረች። እኔ ብርቱካን ስናስጭን ስለዋልኩ አልሄድኩም፣ አንድ ቀን ብቻ ነው ያልሄድኩት። ቤተልሔም ቤት ነኝ አለች። ኔትወርኩ ይቆራረጣል።

የካቲት 3

አሁንም ዝግ። ስደውል ቤተልሔም አነሳች። «ሜዳ ላይ ናት፣ አብሽር» አለችኝ። አብሽር ማለት ከሀስና ተምራ ነው። ከማን ጋር ነው ሜዳ ላይ ያለችው?

የካቲት 6፣ ሐሙስ

መጣች። አልሐምዱሊላህ በሰላም።

ከሰዓት በኋላ ከመጋዘኑ ጀርባ ተጫወትን። ባክሃንዷ ተለውጧል። ክርኗን ከሰውነቷ አርቃ፣ ቀድማ፣ ወደ ላይ ታወጣዋለች። «ይሄን ማን ነው የነካው?» አልኳት።

«ምኑን?»

«ባክሃንድሽን! እኔ እንዲህ አላስተማርኩሽም።»

«ጋሽ ካሳዬ ናቸው። አበባው በቪዲዮ አይቶ ነገራቸው። ይሻላል ሙስዐብ፣ እየው፣ ኳሱ ይከብዳል።»

ስድስት ለአንድ። ሜዳው ላይ ጸሐዩ ፊት ለፊት ስለሚመጣ በዚያ በኩል ያለው ሰው ይጎዳል። ቦታ ስንቀያየር ደመና ሆነ።

ቪዲዮ። ማን ቀረጻት? ቤተልሔም ናታ።

የካቲት 11

ስልኳን ፊቱን ገልብጣ ነው የምታስቀምጠው። ሲጠራ ተነሥታ ከውሃ ታንከሩ ጀርባ ትሄዳለች። ትናንት ተከትዬ አይደለም፣ ቱቦውን ልይ ብዬ ሄጄ፣ «ከአባቴ በፊት እሱ እንዳይሰማ» ስትል ሰማኋት። ከዚያም ሳቀች። እንደዚያ ስትስቅ ከሰማኋት ቆይቷል።

እሱ ማለት እኔ ነኝ፣ ይህ ግልጽ ነው። እኔ እንዳልሰማ የሚፈለገው ምንድን ነው? አበባው፣ ያ ነጭ ጫማ የሚያደርገው ሰውዬ፣ ሚስት አለው? ጋሽ ካሳዬን ጠየቅኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። «ሁለት ልጆች አሉት። ምነው?»

«እንዲያው ነው።»

«ሙስዐብ፣ ልጄ» አሉኝ፣ «አንተ ለእሷ መሠረት ነህ። መሠረት የሆነ ሰው ጣሪያው ላይ አይወጣም። ገባህ?»

አልገባኝም። እንደገባኝ አድርጌ ራሴን ነቀነቅኩ። ቤት ስደርስ ግን ነገሩ ተከፈተልኝ፤ እንድቀር እያዘጋጁኝ ነው።

የካቲት 14፣ ዓርብ

ሀስና ከእናቴ ጋር ዙሁር ስትሰግድ ስልኳ ጠራ። አበባው። አነሳሁት። ሰላም አልኩት፤ ወንድሟ ነኝ አልኩት።

«ጥሩ ነው» አለ። «ስሟን ለናይሮቢ ማስገቢያው እስከሚቀጥለው ዓርብ ነው። የፓስፖርቷን ፎቶ ትላክልኝ። ከአባታችሁ ጋርም መነጋገር እፈልጋለሁ። ክለቡ ውስጥ ከልጃገረዶቹ ጋር የምትኖር ሴት አለች፣ ሙስሊም ናት፣ እሷ ታነጋግራቸዋለች። ብቻዋን እንድትመጣ ይፈቅዱ ይሆናል ብዬ ነው።»

ብቻዋን።

አላሰብኩትም፣ ወላሂ አላሰብኩትም። «ታማለች» አልኩት። «ታይፎይድ ነው። ተኝታለች።»

«መቼ?»

«በዚህ ሳምንት። የአባቴም ስልክ ተበላሽቷል። እሷንም እንዳያስነሷት በእኔ ይደውሉ፣ እነግርዎታለሁ።» ቁጥሬን ሰጠሁት።

ልፈትነው ነው። ከልቡ የሚፈልጋት ከሆነ ይጠብቃል። የማይጠብቅ ከሆነ ደግሞ ቀድሞውንም ከልቡ አልነበረም፣ እኔም እህቴን አዳንኳት ማለት ነው። ጥሪውን ከስልኳ ላይ አጠፋሁት፤ በከንቱ እንዳትጨነቅ ብዬ።

የካቲት 15

ከመጋዘኑ ጀርባ ልምምድ። ጥሩ።

የካቲት 18፣ ማክሰኞ

አበባው በእኔ ስልክ ደወለ። «እንዴት ሆነች?» «ገና ነው» አልኩት። «አላህ ይማራት በልልኝ» አለ። ክርስቲያን ሆኖ እንዲህ አለ። ደግ ለመምሰል ነው ወይስ ደግ ነው? ሐኪም ቤቱ የት እንደሆነ ጠየቀኝ፤ የሚያውቀው ሐኪም ደሴ እንዳለ ነገረኝ። ከዚህ ሁሉ ምን ያገኛል?

የካቲት 19

ዛሬ ሀስና ምሳዋን አልበላችም። ስልኳን አገላብጣ አየችው። አሁን ፊቱን ወደ ላይ አድርጋ ነው የምታስቀምጠው።

«የሚደውልልሽ ሰው አለ?» አልኳት።

«አንተ ጋ ማንም አልደወለም?»

«ማን ይደውልልኛል?»

«ራስሽ ደውይለት» አለቻት እናቴ። «ካልፈለጉኝ አልለምንም» አለች። በዚህ ኩራቷ አባታችንን ነው የመሰለችው።

ሜዳ ወርዳ ግንቡን ብቻዋን ስትመታ ዋለች። ኳሱ ግንቡን ሲመታ ድምፁ ቤት ድረስ ይሰማል። እንዲህ አዝና አይቻት አላውቅም። አንጀቴን በላችው። ቤተልሔም ወይም ጋሽ ካሳዬ ቀድሞውኑ ያን ሰውዬ ወደ ቤታችን ባያመጡት ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር።

የካቲት 22፣ ቅዳሜ። ረመዳን ገባ

ዛሬ አንደኛው ጾም። ትናንት የመመዝገቢያው ቀን አለፈ። አበባው አልደወለም። እንዳልኩት ነው፣ አልጠበቀም።

እንዳልኩት ከሆነ ለምን ደስ አላለኝም? አባቴ ዱዓቸው ላይ ሀስናን በስሟ ጠሩ። ከዚያ እኔን። «ያ ረቢ፣ ሙስዐብን ለእህቱ ጋሻ አድርግልኝ» አሉ። አሚን አልኩ።

የካቲት 27፣ ሐሙስ

ከሁለት ሳምንት በኋላ ወልድያ ሄድን። ጾም ስለሆነ ቀለል ያለ ልምምድ። ጋሽ ካሳዬ ለጾማቸው የሚሆን ሽሮ ከገበያ ገዝተው ይዘው ነው የመጡት፤ ሁዳዴ ገብቷል። ሀስናን ከእግር እስከ ራስዋ አዩዋትና «ምነው ወፈርሽ እንጂ! ታይፎይዱ ለቀቀሽ?» አሉ።

«የምን ታይፎይድ?»

«አበባው ነው የነገረኝ። ትናንት ደውሎ እኮ፣ ‹ለዚያች ልጅ አዝኛለሁ፣ ስሟን ሳላስገባ ቀረ› አለኝ።»

እኔ መረቡን አጠብቅ ነበር። ቀና አላልኩም። ቤተልሔም እንኳ ኳስ መምታቷን አቆመች። ሁሉም እኔን እያዩኝ መሆኑን ጀርባዬ ነገረኝ።

ሚኒባስ ውስጥ ሀስና ሌላ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

የካቲት 28፣ ዓርብ

ከአስር ሶላት በኋላ ራኬቴን አምጥታ እግሬ ሥር ጣለችው። «ና እንጫወት» አለች።

«ጾመናል እኮ።»

«ና።»

ከመጋዘኑ ጀርባ ወረድን። ሻሿን አጥብቃ አሰረች። ምንም ሳትናገር ሰርቭ አደረገች። ኳሱን አላየሁትም። ሁለተኛውንም። ጉሮሮዬ ደርቋል፣ የእሷም ደርቋል፣ እኩል ነን። ጸሐዩ ከማናችንም ፊት አልነበረም። ቁርጭምጭሚቴ አላመመኝም፤ ለነገሩ አሞኝም አያውቅም። ሮጥኩ። እግሬ የቻለውን ያህል ሮጥኩ። ወደ ቀኝ ስሄድ ወደ ግራ፣ ወደ መረቡ ስቀርብ በላዬ። ያ የተለወጠው ባክሃንድ መጥቶ እጄ ውስጥ ያለውን ራኬት ያዞረዋል። ስድስት ለባዶ። አንድ ነጥብ እንኳ ስታገኝ እልል ትል የነበረችው ልጅ ዛሬ ፊቷ አልተንቀሳቀሰም።

ከዚያ መረቡ ጋ መጣች።

«ለምንድን ነው ያሳመምከኝ?»

«ሀስና፣ እነዚህ ሰዎች እኮ…»

«እነዚህ ሰዎች ምንም አላደረጉም። እኔ ነኝ። ኅዳር ላይ አበባውን እኔ ነኝ የጠየቅኩት፤ ወንድሜ አብሮኝ እንዳይመጣ አድርግልኝ ብዬ። እሱ እንኳ ‹ወንድምሽ እኮ ነው የፈጠረሽ፣ አስቢበት› አለኝ። ጋሽ ካሳዬም ለምነውኛል። ከውሃ ታንከሩ ጀርባ የማወራው ይህንን ነው። አንተን እንዳይከፋህ እንዴት እንደምንነግርህ ነበር የምንማከረው። ሦስት ትልልቅ ሰዎች ሆነን አንተን ፈራን።»

«ለምን?» አልኳት።

«ስጫወት ኳሱን አይደለም የማየው። አንተን ነው። አንድ ኳስ ስስት ቀና ብዬ ፊትህን አያለሁ። ተቆጥተህ ከሆነ ቀጣዩንም እስታለሁ። ኅዳር ላይ ፍጻሜውን የተሸነፍኩት ለዚያች ልጅ አይደለም ሙስዐብ። አንተ ራስህን ይዘህ ስትቀመጥ አይቼ ነው።»

ይህን ስትል አለቀሰች። እኔ አላለቀስኩም። አዛን ሲል ሁለታችንም እዚያው ቆመን ነበር። እሷ ቀድማ ገባች። ውሃ በኩባያ ይዛ ተመለሰችና ግንቡ ላይ አስቀምጣልኝ ሄደች። ተቆጥታ እንኳ ጾሜን እንድፈታ ውሃ አመጣች።

የካቲት 30፣ እሑድ

ሁለት ቀን ሙሉ ማን ላይ እንደማላክክ ሳስብ ከረምኩ። ቤተልሔም ላይ። ጋሽ ካሳዬ ላይ። ካምፑን የበተነው ጦርነት ላይ። ያ ሁሉ ባይሆን እኔም እኮ… አይ። ሃያ ሰባት ዓመቴ ነው። ማንም ሊወስደኝ አልመጣም ነበር። ጢማሙ ሰውዬ እንኳ ወደ አገሩ ሲሄድ ራኬቱን ሰጠኝ እንጂ አድራሻውን አልሰጠኝም።

አበባው ጋ ደወልኩ።

«ሙስዐብ ነኝ። አልታመመችም። አንድም ቀን አልታመመችም።»

«ለምን?» አለ። ሁሉም ሰው ይህንኑ ነው የሚጠይቀው።

«ያለ እኔ እንዳትሄድ።»

«የእሷን ቦታ ለሌላ ልጅ ሰጥተናል» አለ። ድምፁ አልጨመረም፣ አልቀነሰም። «በማጣሪያው መሞከር ትችላለች። እዚያው ሄዳ ትመዘገባለች፣ ቦታ ከተረፈ ትጫወታለች። ካልተረፈ ራኬቷን ይዛ ትመለሳለች። ይህን እሷ ትወስን። አባትህ ያውቃሉ?»

«አያውቁም።»

«መጀመሪያ እሱን ጨርስ። ከዚያ እሳቸው ራሳቸው ይደውሉልኝ።»

ሰደበኝ ማለት አልችልም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

መጋቢት 2፣ ማክሰኞ

ከአፍጥር በኋላ ነገርኳቸው። እናቴ እጇን አፏ ላይ ጫነች። አባቴ የያዙትን ኩባያ አስቀመጡ።

«ጤነኛ ልጄ ላይ በሽታ አወራህባት?»

«አዎ አባዬ።»

«እኔ ‹ከወንድሟ ጋር ካልሆነ አትሄድም› ስል አንተ ታውቅ ነበር፣ እንደማትፈልግህ?»

«አላውቅም ነበር።»

«ጠይቀሃታል?»

አልጠየቅኳትም። ያን ሁሉ ጊዜ ስልኳን፣ ጓደኛዋን፣ አሰልጣኞቿን ስመረምር አንድ ቀን ቁጭ አድርጌ «አንቺ ምን ትፈልጊያለሽ?» አላልኳትም። አባቴ መልሱን ከፊቴ አነበቡት።

«ፓፓያውን አንተ ታጠጣለህ» አሉ ተነሥተው። «ልጄን እኔ አደርሳታለሁ።»

«አባዬ፣ አንቱ እኮ ከደሴ አልፈው አያውቁም። ደግሞ በጾም…»

«አፍ አለኝ፣ እጠይቃለሁ።»

መጋቢት 6፣ ቅዳሜ

ሄዱ። በውርጌሳ በኩል ወደ ኮምቦልቻ፣ ከዚያ በአውሮፕላን ወደ አዲስ አበባ። አባቴ አዲሱን ኮፍያቸውን አድርገው የራኬቷን ቦርሳ ራሳቸው ተሸከሙ፤ ላግዝዎት ስላቸው እምቢ አሉ። ሀስና እጄን ጨበጠችኝ። አላቀፈችኝም። «ቻው» አለችኝ። እንደ ጎረቤት።

መጋቢት 10

አባቴ ተመለሱ። ለእናቴ ሁሉን ነገሯት፤ እኔ በር ላይ ሆኜ ሰማሁ። ያቺ ሙስሊሟ የክለቡ ሴትዮ ለስሑር፣ ከንጋት በፊት ለሚበላው ምግብ፣ ትቀሰቅሳታለች። አበባው ሜዳውን ዞሮ አሳያቸው፤ መስጊዱ የት እንደሆነ ሳይጠይቁት ነገራቸው። «ስትጫወት አየኋት» አሉ አባቴ። «አሚና፣ ያቺ የኛ ልጅ አትመስልም። ትጮሃለች። ስትስት ደግሞ ትስቃለች።»

ስትስት ትስቃለች። ከእኔ ጋር ስትስት ስትስቅ አይቻት አላውቅም።

መጋቢት 21፣ እሑድ። ዒድ

ሀስና ለእናቴ ደወለች፣ ለአባቴ ደወለች፣ ለአክስቶቻችን ሁሉ ደወለች። የእኔ ስልክ ኪሴ ውስጥ ነበር። ኔትወርክ ይኖረው እንደሆነ ደጋግሜ አየሁት። ነበረው።

ጋሽ ካሳዬ ደወሉልኝ። «ዒድ ሙባረክ! ወልድያ አትጠፋ። ሜዳው ላይ ስምንት የሚሆኑ ሴት ልጆች መጥተዋል፣ የሀስናን ወሬ ሰምተው። እኔ ጉልበቴ እምቢ ብሏል።»

ለምን እኔን? አዝነውልኝ ነው፣ ወይስ ከእሷ ሊያርቁኝ? ሁለቱም ሊሆን ይችላል። ሄጄ አየዋለሁ አልኳቸው።

መጋቢት 28፣ እሑድ

ናይሮቢ። ቦታ ተርፎ ነበር፤ ማጣሪያ ገባች።

ውጤቱ በስልክ ላይ ይታያል፤ ምስል የለም፣ ቁጥር ብቻ። መርሳ መሃል ኢንተርኔቱ ስለሚሞት ወደ ኮረብታው ወጣሁ። ቁጥሩ ይቆማል። የሚያጭበረብሯት ይመስለኛል፤ ዳኛው፣ ኔትወርኩ፣ ያቺ ተጋጣሚ። ከዚያ በድንገት ሦስት ጌም አልፎ አገኘዋለሁ። ስድስት ለሁለት፣ ስድስት ለሦስት። አሸነፈች። ብቻዬን ኮረብታ ላይ ጮህኩ፤ በጎቹ ተበተኑ፣ እረኛዋ ሴትዮ ሰደበችኝ።

መጋቢት 29

ሁለተኛው ማጣሪያ። የመጀመሪያውን አራት ለስድስት ተሸነፈች። እዚያ ቦታ ላይ ብኖር ራሴን ይዤ እቀመጥ ነበር፣ አውቃለሁ። አልነበርኩም። ሁለተኛውን ስድስት ለሦስት፣ መለያውን አሥር ለሰባት። ዋናው ውድድር ገባች።

ሚያዝያ 1፣ ረቡዕ

ከወልድያው ሜዳ መጥቼ ነው የምጽፈው። ልጃገረዶቹን ማስተማር ጀምሬያለሁ። አንዷ ዛሬ ኳስ ስትስት ቀና ብላ አየችኝ። ቶሎ ብዬ ፊቴን አዞርኩና የጫማዬን ማሰሪያ እንደማስር ሆንኩ።

የሀስና ጨዋታ ከሰዓት በኋላ ነበር። ጋሽ ካሳዬ፣ ቤተልሔምና እኔ በአንድ ስልክ ላይ ተደፍተን ቁጥር አየን። ሰባት ለአምስት። ከዚያ አራት ለአራት ላይ ቁጥሩ ቆመ። ቤተልሔም ስልኩን ከፍ አድርጋ ሜዳውን ዞረች። ጋሽ ካሳዬ መነጽራቸውን አወለቁ፣ አደረጉ፣ አወለቁ። ከዚያ ቤተልሔም ከወዲያ ጫፍ «ስድስት ለአራት! ሙስዐብ፣ ስድስት ለአራት!» ብላ እየጮኸች መጣችና አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። በዚህች ልጅ ላይ በዚህ ደብተር ውስጥ የጻፍኩትን ባነበበችው ምን ትል ነበር?

የመጀመሪያ የፕሮፌሽናል ድሏ፣ የመጀመሪያ ነጥቧ።

ማታ ቤት ስደርስ አባቴ ስልክ ይዘው በደስታ ይጮሃሉ። «ስንት ሴት አሸነፍሽ?» ይሏታል፤ አሁን ቃሉን ለምደውታል። ድንገት ወደ እኔ ዞሩና ስልኩን ዘረጉልኝ። እሷ ጠይቃ ይሁን እሳቸው ከራሳቸው፣ አላወቅኩም።

«ሀስና።»

«አየኸው?»

«ቁጥሩን አየሁት።»

ስለ አራት ለአራቱ ልጠይቃት አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ምን ሆነሽ ነው እስከዚያ ያደረስሻት ልላት።

«ጎበዝ» አልኳት። «በጣም ጎበዝ። ደስ ብሎኛል።»

«እውነትህን ነው?»

«ወላሂ።»

ሳቀች። ከኋላዋ ሌላ ሰውም ሳቀ፤ የወንድ ድምፅ ነው፣ ወጣት፣ ቅርብ። ስልኩ ጆሮዋ ላይ እያለ የሆነ ነገር አላት፣ እሷም ስልኩን በእጇ የሸፈነች ይመስል ድምፅዋ ታፍኖ መለሰችለት።

ማን እንደሆነ አልጠየቅኳትም። ስልኩን ለእናቴ ሰጠኋት።